መኪናው ሲወሰድ ደረሰኙ ይሰጥ

በዚህ ጋዜጣ ገጾች ላይ ስለ ቀረጥ፥ ስለ ውጭ ምንዛሪ፥ ስለ ወደብ ኪራይና ስለ መንገድ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን በየመጋዘኑና በየሻይ ቤቱ ሲወራ እንጂ በጽሑፍ ሲመከርበት እምብዛም ያልታየ ነው። ይኸውም አንድ ፖሊስ በአደጋ ወይም በሌላ አስቸኳይ ጊዜ የግል መኪናን አስቁሞ «ይህ መኪና ለሕዝብ ሥራ ያስፈልጋል» ቢል፥ ባለንብረቱ ምን ግዴታ አለበት? ምንስ መብት አለው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው መኪና ያለውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ቢሆንም፥ ነጋዴውን የሚነካበት መንገድ የተለየ ነው። ለመዝናኛም ሆነ ለቤተሰብ አገልግሎት መኪና የያዘ ሰው ለአንድ ሰዓት ቢወሰድበት የሚጎድልበት ያው አንድ ሰዓት ነው። የነጋዴው የጭነት መኪና ግን ብቻውን አይሄድም። በላዩ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ አለ፤ ከጀርባው የባንክ ብድር አለ፤ ከፊቱ ደግሞ የማስረከቢያ ቀን አለ። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ እንደ መሆኑ መጠን፥ አንድ መኪና በመንገድ ላይ ሁለት ቀን ቢቆም መዘዙ እስከ ወደብና እስከ መርከብ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ነገሩ ስለ አንድ መኪና ብቻ የሚነገር ሳይሆን ስለ ንግድ እምነት የሚነገር ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኔ በራሴ ላይ የደረሰውን እናገራለሁ። ከመቂ ቲማቲም የጫነ አንድ አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፥ ወደ ማታ ገደማ ሞጆ ሳይደርስ አንድ ሚኒባስ ተገልብጦ ብዙ ሰው ተጎድቶ ያገኛል። በስፍራው የነበረው ፖሊስ ሾፌሬን አስቁሞ ጭነቱን በመንገድ ዳር አራግፎ ቁስለኞቹን ወደ ሐኪም ቤት እንዲያደርስ አዘዘው። ሾፌሩም ያለ ክርክር ታዘዘ። ረዳቱ ከሣጥኖቹ ጋር በመንገድ ዳር ቀረ። መኪናው ቁስለኞቹን ካደረሰ በኋላ ፖሊሶችን ወደ ስፍራው ለመመለስ፥ ከዚያም ለሌላ ሥራ ተፈልጎ እስከ ማግሥቱ ጧት ሳይለቀቅ ቀረ። በነጋ ጊዜ ከሣጥኖቹ ከፊሉ ተረጋግጦ፥ ከፊሉ ጠፍቶ፥ የቀረውም ለገበያ የማይሆን ሆኖ ተገኘ። ዕቃውን ይጠብቅ የነበረው ደንበኛዬም ሰዓቱ ስላለፈበት ከሌላ ገዛ።

በዚያች ሌሊት ሾፌሬ ስላደረገው ነገር እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። «የወደቀን አንሡ፥ የሞተን ቅበሩ» ተብሎ ያደገ ሰው ከዚህ የተለየ ሊያደርግ አይችልም። የሚያስቆጨኝ ግን የሚከተለው ነው። ለደንበኛዬና ለኢንሹራንስ የማሳየው ማስረጃ እንዲሰጠኝ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ጣቢያ በሄድሁ ጊዜ፥ አደጋው በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ሳለ ስለ መኪናዬ የተጻፈ አንዲት መስመር እንኳ አልተገኘም። «ማን አዘዘ?» ተባልሁ። የፖሊሱን ስም ሾፌሬ አልጠየቀም ነበር። በዚያ ጨለማና በዚያ ጩኸት መካከል ማን ይጠይቃል? ኢንሹራንሱ ማስረጃ ጠየቀ፤ ደንበኛዬም ማስረጃ ጠየቀ፤ እኔም ያለ ማስረጃ ቀረሁ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? መልሱን ለማግኘት ሦስት ዓይነት አስቸኳይ ጊዜ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የሰው ሕይወት በአደጋ ላይ የወደቀበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ግዴታው ከፖሊሱ ትእዛዝ አስቀድሞ በሕጉ ውስጥ ተቀምጧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ575ኛው አንቀጽ፥ ሕይወቱ በሚያሠጋ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊረዳው እየቻለ ሆን ብሎ የተወውን ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ቁስለኛን ለመጫን እምቢ ያለ ባለመኪና «ንብረቴ ነው» በማለት ብቻ ከተጠያቂነት ነፃ አይወጣም። በሌላ በኩልም የዚሁ ሕግ 75ኛ አንቀጽ፥ በሌላ መንገድ ሊወገድ ያልቻለን የቀረበ ከባድ አደጋ ለመከላከል ሲባል በአስፈላጊነት የተፈጸመን ድርጊት ከቅጣት ነፃ ያደርጋል። እንግዲያው የሰው ነፍስ ለማዳን ሲል መኪና የወሰደ ፖሊስ እንደ ሌባ አይቆጠርም።

ነገር ግን ከቅጣት ነፃ መሆን ከዕዳ ነፃ መሆን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2066ኛው ቁጥር፥ ራሱን ወይም ሌላውን ከቀረበ አደጋ ለማዳን ሲል አውቆ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን ሊክስ እንደሚገባው ይደነግጋል። የሕጉ አስተሳሰብ ቀላልና ቅን ነው። ነፍስ ይዳን፤ ነፍስ ያዳነበት ዋጋ ግን መንገድ ላይ በአጋጣሚ በተገኘው ሰው ብቻ ላይ አይውደቅ ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ፖሊስ ወንጀለኛን ለማሳደድ ወይም ሌላ የጸጥታ ሥራ ለመሥራት መኪና የሚፈልግበት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። መኪናው የሚነዳው በፍጥነት ነው፤ አደጋም ሊያደርስ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በ2081ኛው ቁጥር፥ ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት፥ የነዳው ሰው እንዲነዳው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ባለቤቱ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካስረዳ ግን ከኃላፊነት ይድናል። ፖሊስ የወሰደው መኪና ደግሞ ተሰረቀ አይባልም። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ በትእዛዝ የተወሰደ መኪና በመንገድ ላይ ሰው ቢገጭ፥ ተጎጂው መጀመሪያ የሚፈልገው በሊብሬው ላይ ስሙ የተጻፈውን ሰው ነው። ይህ ሰው መኪናው በዚያ ሰዓት በማን እጅ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለው ምን ይዞ ይቀርባል?

በርግጥ ይኸው ሕግ በ2126ኛውና በ2127ኛው ቁጥር፥ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራ እንደ ሆነ በቅን ልቡና አምኖ ጥፋት ቢሠራ፥ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ተብሎ ተጎጂው ከመንግሥት ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ለነበረበት አገር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን መንግሥትን ለመክሰስ የሚሻ ሰው ማን፥ መቼ፥ በምን ትእዛዝ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለበት። ሦስቱንም የሚመልሰው ያው በስፍራው ያልተሰጠው ወረቀት ነው።

ሦስተኛው በአዋጅ የታወጀ የአስቸኳይ ጊዜ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ በንኡስ አንቀጽ 8፥ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሊወስድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ በመክፈል እንደ ሆነ ይናገራል። በ93ኛው አንቀጽ ደግሞ የውጭ ወረራ፥ የሕግና የሥርዓት መፍረስ፥ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲደርስ የአስቸኳይ ጊዜ እንዲታወጅ ይፈቅዳል። በዚያ ጊዜ ሊነኩ የማይችሉት መብቶች በዚያው አንቀጽ በስም ተቆጥረዋል፤ የንብረት መብት ግን ከነዚያ መካከል አይገኝም። አገራችን ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ አምስት ጊዜ፥ ማለት በመስከረም 2009፥ በየካቲት 2010፥ በመጋቢት 2012፥ በጥቅምት 2014 እና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ እንደ ታወጀባት ያስታወሰ ነጋዴ፥ ነገሩ በሩቅ የሚታሰብ አለመሆኑን ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጉድለት ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። መንግሥት መሬት በሚወስድበት ጊዜ የሚከተለው ሥርዓት በዝርዝር ተጽፏል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1460ኛው ቁጥር ጀምሮ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት፥ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ መሬት ይዞታ፥ ማስጠንቀቂያው፥ ግምቱ፥ ካሳውና አቤቱታው ሁሉ ተደንግጓል። ይህ ሥርዓት ግን የተሠራው ለመሬትና ለቤት ነው፤ መሬት አይሸሽምና ለደብዳቤም ለግምትም ጊዜ አለ። በመንገድ ላይ ሞተሩ እየሠራ ለቆመ መኪና ግን «ካሳ በቅድሚያ» የሚለው ቃል እንዴት ይፈጸማል? ቁስለኛው እየደማ ገማች ኮሚቴ አይጠራም። ስለዚህ ለሚንቀሳቀሰው ንብረት የቅድሚያውን ክፍያ የሚተካ፥ በስፍራው ሊፈጸም የሚችል አንድ ሥርዓት ያስፈልጋል። እርሱም ደረሰኝ ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት እንኳ፥ በሕግ ለተወሰነ የሕዝብ ጥቅም ካልሆነ በቀር ማንም ሰው የኢትዮጵያዊን የሚንቀሳቀስም ሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊወስድ እንደማይችል ይናገር ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ትክክለኛ ካሳ እንዲከፈልና፥ ስምምነት ባይገኝ በዳኝነት እንዲወሰን ይጠይቅ ነበር። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፥ በየገበሬው ቤት ይመራ የነበረው ወታደር ያገኘውን ይበላና ይወስድ እንደ ነበር፥ ዳግማዊ ምኒልክም ይህን ለማስቀረት በ1885 ዓ.ም. ገደማ ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆን አሥራት እንደ ደነገጉ ታሪክ ያስረዳል። አሥራት ሸክም ነበር፤ ነገር ግን ልክ ያለው ሸክም ነበር። አምራችም ሆነ ነጋዴ ይበልጥ የሚያደኸየው ልኩና መጠኑ የማይታወቅ ወጪ ነው።

ጎረቤት ሲጮህ ወጥቶ መርዳትም ቢሆን ከሌላ አገር የተማርነው አይደለም። ኡኡታ የሰማ ሁሉ ሲወጣ፥ «በሕግ አምላክ» ሲባል መንገደኛው ሲቆም፥ ሌባ ሲጠፋም አገሩ ለአውጫጭኝ ሲሰበሰብ ኖሯል። ጥያቄው መርዳት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም፤ የረዳው ሰው ብቻውን ዕዳ ይሸከም ወይ የሚል ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ጥያቄ ላይ ያሳለፉትን ማየት ይጠቅማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1914፥ የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ በቀረበ ጊዜ የከተማይቱ ወታደራዊ ገዥ የነበሩት ጄኔራል ጋሊዬኒ ወደ ስድስት መቶ የሚጠጉ ታክሲዎች ተሰብስበው ወታደር ወደ ማርን ግንባር እንዲያደርሱ አዘዙ። የተጓጓዙት ወታደሮች ጥቂት ሺሕ ስለ ነበሩ፥ ታክሲዎቹ ለጦርነቱ ድል ያበረከቱት ነገር ከዝናቸው ያነሰ እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። ለነጋዴ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ጠላት በደጅ ሳለ የታክሲዎቹ ቆጣሪ እየሠራ ነበር። ወታደሮቹ ከተራገፉ በኋላ ሒሳቡ በቆጣሪው መሠረት ተሠርቶ፥ ከመንግሥት ግምጃ ቤት በጠቅላላው 70,012 ፍራንክ ተከፈለ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ ወታደራዊ ግዳጅ የወጣ ሕግ ነበራት፤ ስለዚህ በጭንቅ ቀን የሚደረገው ነገር በሰላም ቀን ተጽፎ ነበር። ዋና ከተማው ሊያዝ በተቃረበበት ሰዓት ሒሳብ መያዝ ከተቻለ፥ በሞጆ መንገድ ላይ አንድ ቅጽ መሙላት እንዴት ያቅታል?

በኒው ዮርክ የሆነው ነገር ደግሞ የጉዳዩን ሌላ ገጽ ያሳያል። አንድ ፖሊስ በታክሲ መርገጫ ላይ ዘሎ ወጥቶ፥ ሌላ መኪና እንዲከተል ሾፌሩን አዘዘው። ሾፌሩ ሲያሳድድ ተጋጭቶ ሞተ። ሚስቱ ካሳ ስትጠይቅ፥ ነገሩ እስከ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1928 ዳኛ ካርዶዞ በሰጡት ፍርድ፥ ዜጋ ወንጀለኛን ለመያዝ ሲጠራ መውጣቱ ከእንግሊዝ የጥንት ሕግ ጀምሮ የነበረ ግዴታ እንደ ሆነ ካስታወሱ በኋላ፥ ሾፌሩ የሞተው በሥራው ላይ ሳለ ስለ ሆነ ካሳው ይገባል አሉ። ፍርዱ ለሟች ቤተሰብ መልካም ነው። ነገር ግን ካሳው የወደቀው በአሠሪው የታክሲ ኩባንያ በኩል እንጂ ሾፌሩን ባዘዘው መንግሥት ላይ እንዳልሆነ ነጋዴ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። ዜጋን ለእርዳታ የመጥራት ሥልጣን በሁሉም ስፍራ እንደ ቀድሞው ጸንቶ አልቆየም፤ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ግዛት ፖሊስን ለመርዳት እምቢ ያለን ሰው በወንጀል የሚቀጣው የ1872 ሕግ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሽሯል።

ከእንግሊዝ አገርም ሁለት ነገሮችን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1916 መንግሥት ለአየር ጦር ጽሕፈት ቤት በለንደን የሚገኘውን የዴ ካይዘር ሆቴል ወሰደ፤ ካሳ ሲጠየቅም የዘውዱን ጥንታዊ ሥልጣን ጠቀሰ። የጌቶች ምክር ቤት ግን በ1920 በሰጠው ፍርድ፥ ካሳ የሚያስከፍል ሕግ ከወጣ በኋላ መንግሥት ሕጉን ወደ ጎን ትቶ በጥንታዊው ሥልጣን ሊወስድ እንደማይችል ወሰነ። በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 በጃፓን ጦር እጅ እንዳይወድቅ የበርማ ነዳጅ ኩባንያ ንብረት በራንጉን ተቃጠለ፤ ኩባንያው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ በ1964 ካሳ እንደሚገባው ቢፈረድለትም፥ ፓርላማው በተከታዩ ዓመት ወደ ኋላ የሚሠራ ሕግ አውጥቶ ካሳውን አስቀረው። ከሁለቱ የምንማረው፥ አስቀድሞ የተጻፈ ሕግ ለባለንብረቱ ጋሻ እንደሚሆን፥ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ክርክር ግን የማያስተማምን መሆኑን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ምን እንጠይቅ? ንግድ ምክር ቤታችን ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች አንድ ጥያቄ ብቻ፥ ነገር ግን በግልጽ ቢያቀርብ መልካም ይመስለኛል። ጥያቄውም እያንዳንዱ ፖሊስ፥ በተለይም በመንገድ ላይ የሚሠራው፥ ቁጥር የተሰጣቸው ባለ ሁለት ቅጂ ቅጾች ያሉበት ትንሽ ጥራዝ እንዲይዝ ነው። በቅጹ ላይ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር፥ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት፥ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፥ በላዩ ያለው ጭነት፥ የተወሰደበት ምክንያትና የፖሊሱ ስም ከመለያ ቁጥሩ ጋር ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ለሾፌሩ ይሰጥ፤ ሌላው በጣቢያው መዝገብ ይቅር። መኪናው ሲመለስም የተመለሰበት ሰዓትና የኪሎ ሜትር ንባብ በዚያው ቅጽ ይሞላ።

ከዚህ ጋር የሚከተሉት ነገሮች በሥርዓቱ ውስጥ ቢገቡ ቅጹ ባዶ ወረቀት ሆኖ አይቀርም። የመንግሥት መኪና ወይም አምቡላንስ በጊዜው ሊደርስ የሚችል ከሆነ የግል መኪና አይወሰድ። ባዶ መኪና ሳለ የተጫነ አይያዝ፤ ጭነት የግድ መራገፍ ካለበትም ጠባቂ ይመደብለት። በሚቻል ጊዜ ሁሉ መኪናውን የሚያውቀው የራሱ ሾፌር ይንዳው። መኪናው በትእዛዝ ሥራ ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ቢጠየቅ መንግሥት በእግሩ ይተካለት። ኪራዩና ጉዳቱም በአካባቢው በታወቀው የቀን ኪራይ ሒሳብ፥ በተወሰነ ቀን ውስጥ ይከፈል።

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ አውቃለሁ። አንደኛው «ነፍስ እየወጣ ማን ይጽፋል?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው። በዚያች ደቂቃ መጻፍ የማይቻል ከሆነ ፖሊሱ መለያ ቁጥሩን ይንገር፤ ቅጹ ቁስለኛው ሐኪም ቤት ከደረሰ በኋላ ይሞላ። ጽሕፈቱ ለአንድ ሰዓት ቢዘገይ ክፉ አይደለም፤ ክፉው ጨርሶ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

ሁለተኛው «ነጋዴዎች የሌለ ጉዳት እየፈጠሩ ካሳ ይጠይቃሉ» የሚል ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በመካከላችን የለም ብዬ አልምልም። ነገር ግን የሐሰት ጥያቄ የሚበዛው መዝገብ በሌለበት ስፍራ ነው። ሰዓቱ፥ ኪሎ ሜትሩና ጭነቱ በሁለት ቅጂ ከተጻፈ ሐሰተኛው የሚናገረው ያጣል። ደረሰኝ ለባለንብረቱ እንደሚጠቅም ሁሉ ለግምጃ ቤቱም ይጠቅማል።

ሦስተኛው «መብቱን አብዝታችሁ ብትነግሩት ሾፌሩ እምቢ ማለት ይጀምራል» የሚል ነው። እኔ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። ዛሬ ብዙ ሾፌር አደጋ ሲያይ ጋዝ ረግጦ የሚያልፈው ልቡ ስለ ደነደነ አይደለም፤ ቁስለኛውን ሲጭን «አንተ ነህ የገጨኸው» እንዳይባል፥ ጭነቱ እንዳይበላሽበት፥ ጌታውም እንዳይቆጣው ስለሚፈራ ነው። በእጁ ወረቀት እንደሚሰጠው ቢያውቅ ግን ሳይጠራ ይቆማል። ከዚህም በላይ፥ የፖሊስ ልብስ ለብሶ መኪና ለመዝረፍ የሚነሣ ወንበዴ ቢኖር፥ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው ይኸው የመለያ ቁጥርና ቅጽ ይሆናል።

ሥርዓቱ እስኪወጣ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይገባንም። እያንዳንዱ ባለመኪና በሾፌሩ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ባዶ ቅጽ አዘጋጅቶ ሊያኖር ይችላል። ፖሊሱ ሊፈርምበት ባይፈቅድ እንኳ፥ ሾፌሩ ሰዓቱን፥ ቦታውንና የፖሊሱን መለያ ቁጥር ጽፎ፥ ጭነቱን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ወዲያው ለመሥሪያ ቤቱ ቢልክ ትልቅ ማስረጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ስለ ሆነ ሁላችንም አለን፤ ነገር ግን መኪናው በሌላ ሰው እጅ ሳለ፥ ወይም በሁከት ጊዜ፥ ለራሱ ለመኪናውና ለጭነቱ የገባነው ውል ምን እንደሚል አንብበን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ውሉን አውጥቶ ማንበብና ያልገባውን መጠየቅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከገዢዎቻችን ጋር የምንዋዋለውንም እንመልከት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1792ኛውና በ1793ኛው ቁጥር፥ ባለዕዳው ሊያስበውና ሊቋቋመው ያልቻለው ከዓቅም በላይ የሆነ ኃይል ውሉን እንዳይፈጽም ሲከለክለው ከኃላፊነት እንደሚያድነው ይናገራል፤ የመንግሥት ክልከላንም ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥራል። መኪናው በባለሥልጣን ትእዛዝ የተወሰደበት ነጋዴ በዚህ ለመከላከል ይችላል፤ ሊያስረዳ ግን አለበት። ስለዚህ ያቺ ደረሰኝ ከመንግሥት ካሳ ለመጠየቅ ብቻ አትጠቅምም፤ ዕቃው ለዘገየበት ደንበኛ፥ ለባንክና ለኢንሹራንስ የምትቀርብ ምስክርም ናት። በየውሉ ላይ ይህን የሚገልጽ አንዲት መስመር ብንጨምር ከብዙ ክርክር እንድናለን።

ነጋዴ ከአገሩ ተለይቶ የሚኖር ፍጡር አይደለም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ይሸጣል፤ ሲታወክ ይዘጋል። ስለዚህ መኪናችንን ለሕዝብ ጭንቀት መስጠት ለእኛ ችሮታ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ያ መኪና ዛሬ በዚያው ቦታ እንደገና ቢቆም፥ ሾፌሩ ያንኑ እንዲያደርግ ይመክረዋል። ነገር ግን መንግሥት ከነጋዴው ለተቀበለው ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ እንደሚሰጥ፥ ነጋዴውም ለሸጠው ለእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ እንዲቆርጥ እንደሚያስገድደው ሁሉ፥ ለአንድ ሌሊት ስለ ወሰደው መኪናም እንዲሁ ያድርግ። ከእኛ የሚፈለገውን ሥርዓት ከሌላውም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይህን ጉዳይ የንግድ ምክር ቤታችን በአጀንዳው ላይ እንዲያውለው፥ በመንገድ ላይ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው አባሎችም ቀኑንና ስፍራውን ጽፈው ለጽሕፈት ቤቱ እንዲያስታውቁ በአክብሮት እናሳስባለን። አንድ ሰው ብቻውን የተናገረው ስሞታ ይባላል፤ ብዙዎች በጽሑፍ ያቀረቡት ግን ለሕግ አውጪው መነሻ ይሆናል።